ውክልና

ደብዳቤው የደረሰን ማክሰኞ ጠዋት ነው፤
ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ሄደ ያመጣው ሰው።
«ከዛሬ ጀምሮ» ይላል ከራስጌው ላይ፣
«የአካባቢ ፈቃድ፣ ክትትል፣ ቁጥጥርም፣
ለከተማችሁ ነው፤ ከእኛ አትጠብቁም።»
ከግርጌው ማህተም፣ ከጎኑ ፊርማ፤
አባሪው አንድ ገጽ፤ በጀት ግን የለማ።

አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንዲት ዘሐራ፤
ሞተሩ ከጤና ቢሮ ጋር የጋራ።

«ሥልጣን ወረደልሽ» አሉኝ ባልደረቦቼ።
ወረደ።
ወረደ እንደ ውሃ፣ ሽቅብ ላይመለስ፣
ላይ ሰፈር የደፋው ታች ሰፈር ሊደርስ።

ድሮ የሚመጡት በዓመት አንዴ ነበር፣
በነጭ መኪና፣ በጥቁር መነጽር።
ከመምጣታቸው በፊት ስልክ ይደወላል፤
ቆዳ ፋብሪካው ደጁን ይጠርጋል፤
ወንዙም ወሬ ይሰማል፤
በዚያች ቀን ብቻ ጠጠሩ ይታያል።
ጋሽ ይመር አራጋው ከብቶቹን ነድቶ
«ዛሬ እንግዳ አለ መሰል» ይላል ውሃውን አይቶ።

ለእኔ ስልክ አይደወልም፤ ቀጠሮም የለም፤
ኮምቦልቻ ሲተኛ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ሽታው ይቀሰቅሰኛል፣ መስኮት ቢዘጋም።

ቅርብ ነኝ።
ቅርብ ነኝ፤ እነሱም ለእኔ ቅርብ ናቸው፤
የቤቴን አድራሻ ማን ይንገራቸው?
ወንድሜ እንድሪስ ድራም ክፍል ነው፣ ጓንቱ እስከ ክርኑ፤
ጥፍሩ ሰማያዊ፤ አይለቅም በኢድም ቀኑ።
የቅሬያችን ድንኳን የፋብሪካው ስጦታ፤
አባቴን ያለቀስን ከዚያው ጥላ፣ ከዚያው ቦታ።

ትናንት መጣ ሥራ አስኪያጁ፣ አቶ ፍሬሰንበት፤
በእግሩ ነው የመጣ፣ ፋይሉን በብብት።
«ዕድሳት ነው» አለኝ፤ «ትንሽ ነገር ናት።
ድሮ ባህር ዳር ድረስ ሦስት ወር እንመላለስ ነበር፤
አሁንማ አንቺ አለሽልን።»
ከወንበሩ ተነሣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ፦
«አብሽሪ። እንድሪስም ጎበዝ ሠራተኛ ነው።»
ዛቻ አይደለም ይኼ። ምርቃትም አይደለም።

ከፋይሉ ጎን የሃይላንድ ኮዳ ነበረ፤
ሐሙስ ሌሊት ወርጄ ከድልድዩ ሥር የቀዳሁት፣
ቀኑን በእስክርቢቶ የጻፍኩበት።
መለኪያ የለኝም። ላቦራቶሪም የለኝም።
ዓይን አለኝ፣ አፍንጫ አለኝ፣
የጋሽ ይመር ጊደር አለችኝ፣
ከቦርከና ዳር ተኝታ ያልተነሣችው።
«ምንድን ነው?» አለኝ። «ውሃ» አልኩት።
ፋይሉን ትንሽ ራቅ አደረገው፣ እንዳይነካበት።

ኮዳው ሰማያዊ፣
የማህተሙ ቀለም ሰማያዊ፣
ከፎርሙ በታች ያለው ባዶ ክብ ነጭ።
አልመታሁም። ግን አልቀደድኩትም።

ማታ እንድሪስ ራቱን ጨርሶ እጁን ታጠበ፤
ሳሙናው ላይ ለረጅም ጊዜ ቆየ።
ሊጮህብኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤
የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ ሊቆጥርልኝ ነው ብዬ።
ፎጣውን አጥፎ፣ ሳያየኝ፣
«ከየት ነው የቀዳሽው?» አለኝ።
«ከድልድዩ።»
«ድልድዩ ሩቅ ነው፤ ይሳሳል። ከቱቦው አፍ ቅጂ።
ደግሞ የስምንት ሰዓቱ እጣቢ ነው፤
ዋናው የሚለቀቀው ዘጠኝ ነው።»

ስልኬን ለዘጠኝ ሞላሁት።