በእርሳስ የተያዘ

ቱሉ ዲምቱ፣ የፍጥነት መንገዱ በር ከሚጀምርበት
ወረድ ብሎ፣ ጎሚስታው ጎን፣ ባለ አስራ አንድ ክፍል ቤት፤
«አልጋ አለ» ነበር ማስታወቂያው፤ የ«አለ» መብራት ተቃጥሎ
«አልጋ» ብቻ ነው የሚነበብ፤ አዳሪው ገብቶ ይጠይቅ፣ ይኑር አይኑር ብሎ።

እኔ ከመስታወቱ ኋላ፤ አንድ ስልክ፣ ቁልፎች በየሚስማሩ፣
አንድ ደብተር፣ ቀኖቹ በማስመሪያ የተሰመሩ።
እስክሪብቶ አልነካም። ያስተማሩኝ እትዬ ዘውዴ ናቸው፤
«የመንገደኛ ቃል» ይላሉ «በእርሳስ ነው፤ ላጲስ ነው ዳኛው።»

ይደውላሉ።
«ለሐሙስ አልጋ ያዢልኝ» — እይዛለሁ።
«ለዓርብ አድርጊው» — አጠፋለሁ፣ እጽፋለሁ።
«ሙቅ ውሃ አለ?» — እስከ ሦስት ሰዓት።
«ቴሌብር ይሆናል?» — ይሆናል፣ ኔትወርክ ከፈቀደለት።
«ስም ማን ልበል?» ስል ቆም ብለው የሚያስቡ አሉ፤
ባለፈው ወር ዘጠኝ ከበደ አድሯል፤ መታወቂያ ረስተው መጡ፣ ሁሉም በሙሉ።
ሙዘይን ግን አይደውልም፤ ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ
ከክፍያ ጣቢያው ሲወጣ ጥሩንባ ሁለቴ ይነፋል፤
ያ ነው ቀጠሮው፣ ሰባት ቁጥርን ለራሱ ወስኖ።

ጉተማ የሚደውለው ከዶዶላ ነው፣ በየሁለት ወሩ፤
ይጮሃል፣ ስልኩን የማያምን ይመስል፣ እንዲደርስ ድምፁ በአየሩ፤
«አራት ቁጥርን፣ ምድር ቤት፣ ለሁለት ሰው፤ ሎሚ ደረጃ አትወጣም።
ሐኪሙ ማክሰኞ ነው ያለን። ሰኞ ማታ ነን። አደራ፣ አደራ አይበላም።»
ሎሚ ጭኮ በጣሳ ይዛልኝ ትመጣ ነበር፤
«ብዪ እስቲ፣ ከስተሻል» ትላለች፣
እሷው እየከሳች፣ ተደግፋ የባንኮኒውን ዳር።

ኅዳር ላይ ደወለ። ጻፍኩ፦ ታኅሣሥ አስራ ሰባት፣
ጉተማ፣ አራት ቁጥር፣ ሰው ሁለት።

ያ ሳምንት የቁልቢ ነው፤ ተሳላሚ መንገዱን ሞልቶ፣
ኮሪደሩ ላይ ሳይቀር ፍራሽ ተዘርግቶ፤
የስለት ጥላ በብብቱ የያዘ ሰው «እጥፍ ልክፈል» ቢለኝ፣
እትዬ ዘውዴም ከጓዳ በዓይናቸው «ስጪው» ቢሉኝ፣
«ተይዟል» አልኩ።

ሦስት ሰዓት ሲያልፍ ስልኩ ጮኸ። ጉተማ ነው። እሱ አልጮኸም።
«ያቺ አራት ቁጥር... ለሁለት ነው ያልኩሽ፣ አይደለም?»
«አዎ፣ ጋሼ።»
«አንድ አድርጊው። ወረቀቷን ልቀበል ነው የምመጣው።»

እኛ ቤት «አልጋ ያዘች» ሲባል ከፍላ ገባች ማለት ነው፤
ሰፈር ውስጥ ግን ሌላ ነው።
የቱን ልጠይቅ? «እግዜር ይማራት» የበሽተኛ ነው፣
«ነፍስ ይማር» የሌላ፤
«ይማር» ብቻ አልኩ፣ ፊቱንም ኋላውንም ትቼ፤
እሱም «አሜን» አለ፣ የቱን እንደሆነ ሳይል፣ ከብዙ ዝምታ በኋላ።

ላጲሱን አነሳሁ። «ሁለት» ቶሎ አትለቅም፤
ብትጠፋም ከ«አንድ» ሥር ሰርጉዷ አይደፈንም።
«እንግዲህ አንዷ ተለቀቀች» አለኝ ባለ ጥላው፣ ቆሞ ሲሰማ ቆይቶ፣
ጫማውን ሊያወልቅ ሁሉ ማሰሪያውን ፈትቶ።
«አይ» አልኩት፣ «ሁለቱም ተይዘዋል።»
ውጭ፣ ከክፍያ ጣቢያው ወዲህ፣ ጥሩንባ ሁለቴ ይነፋል።