እሑድን ተዉልኝ

የአዴሪቶን ሽበት በማበጠሪያ ጫፍ እየከፋፈልኩኝ፣
ሃያ አንድ ሽቦ፣ በቀዝቃዛ ቅባት፣ ራሱ ላይ ለጠፍኩኝ።
«ዝም ብለህ ተኛ» አልኩት፤ እሱ ግን ሳቀብኝ፦
«ዝም ያልኩ ለታ ነው የመጣው ያ ብርሃን» ብሎ መለሰልኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መስመር ነው የማነብ፣
በቪያና ወደብ፣ በአሮጌው ሆስፒታል፣ ከመርከብ ጥገናው አጠገብ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለዓሣ አጥማጆቹ ወጥ ሠሪ የነበረ፣
ቄስ ሲያይ የሚተፋ፣ ከመርከቡ ስንቅ ዘይት እየሰረቀ ሲሸጥ የኖረ፣
አንድ ሌሊት ድንገት፣ በበረዶው ጎተራ፣
የብርቱካን ልጣጭ ሲቃጠል ሸተተው፤ ግድግዳው አበራ።
ስሙን ሰማ። እንዲህ አልነበረም እናቱ እንኳ ስትጠራው፤
ከስሙ ጀርባ ያለውን ሰው ነው ድምፁ የተጣራው።
ሲነቃ ምላሱ ተነክሶ ደምቷል።
በሳምንቱ የዘይቱን ዋጋ ለመርከቡ ጌታ ቆጥሮ አስረክቧል፣
ዐሥራ ሁለት ዓመት ካኮረፈው ወንድሙ ደጃፍ ላይ ቆሟል።

ዶክተር ሌዎኖር ፊልሙን አሳየችው፦
«ይኸው፣ ከግራ ጆሮህ ጀርባ፣ ምስር የምታህል ጠባሳ።
ከዚህ ነው የሚነሣ፣
ሽታውም፣ ድምፁም፣ ያ የምትለው ደስታ።»
ቃሏ እንደ መቀስ ነው፤ ጨርቁ ሳይጮኽ ሆነ ሁለት ቦታ።

አዴሪቶ አሰበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፦
«ባልቢናን ሳያትስ፣ ሚስቴን፣
ይሄ መስመር አይንቀጠቀጥም?»
«ይንቀጠቀጣል» አልኩ።
«ታዲያ እሷን ማን ይላታል የለችም?»

ልመልስ አፌን ከፈትኩ። ብርቱካኑ ትዝ አለኝ።
በዚያ ሌሊት መርከቡ ላይ ብርቱካን አልነበረም፤ ራሱ ነው የነገረኝ።
ይህን ግን አላልኩትም።
ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

«ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ኪኒኑን እውጣለሁ» አለ በልመና፤
«እሑድን ተዉልኝ።»
ሳትቆጣ፣ ሳታለቅስ፣ መለሰች ባልቢና፣
ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፦
«ባለፈው እሑድ ብርሃንህ ምድጃ ላይ ነው የጣለህ። እስቲ እጅህን ዘርጋ።
እኔ የምፈልገው ብርሃኑን አይደለም፤
ከብርሃኑ በኋላ ቤቴ የገባውን ሰው ነው። እሱን አልመልስም።»

ሦስት ወር ሆነ። መስመሩ እንደ ኩሬ ውኃ ረግቷል።
ብርሃኑ ቀርቷል። ስለ ቀረው ነገር ሲጠየቅ ትከሻውን ይሰብቃል።
ዛሬ ቅባቱን ከፀጉሩ ሳጥብለት፣ አንገቱ ድንገት ደረቀ፤
«አንቺንም ይሸትሻል?» ብሎ በፍርሃት ጠየቀ።

በመስኮቱ አየሁ። ከታች፣ መኪናውን ተደግፎ፣
ወንድሙ ብርቱካን ይልጣል፣ በትንሽ ቢላዋ፣ ልጣጩን ሳይበጥስ።

«ይሸተኛል» አልኩት።
ኮፍያውን ፈለገ፣ ራሱ እርጥብ እንደሆነ።