አንድ ሳጥን ብቻ

ጥር ነው፣ ዊኒፔግ፤ ምራቅ መሬት ሳይነካ ይጠጥራል፤
ኤሊስ ጎዳና ጥግ ግን አንድ አምፖል በርቶ ያድራል።
ቤቱ ልብስ ማጠቢያ ነበር፤ ማሽኖቹ ተሽጠዋል፣
የቆሙባቸው ብሎኖች ግን ወለሉ ላይ ቀርተዋል።
እኛም በየብሎኑ አጠገብ ወንበር ስበን፣
እጃችንን እስኪሞቅ ድረስ ብብታችን ውስጥ ደብቀን፣
ዶሎረስን እንጠብቃለን።

ዶሎረስ ፍሌት፣ የምድሩ ባለቤት የክሪ ልጅ፣
ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳች፣
ጡረታ ወጣሁ ብላ ጡረታን የከዳች።
በእሷ አውቶቡስ ሳይከፍል የተሳፈረ ልጅ ሁሉ
ዛሬ ትሮምቦን ነፍቶ ይከፍላል፤ እንዲህ ነው ውሉ።

ሲስተር የኔወርቅ ደግሞ፣ የሌሊት ተረኛ ነርስ፣
ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፣ ዓይኗ እንቅልፍ ሳይቀምስ።
መጀመሪያ ደረት፣ ቀጥሎ ጥርስ ታያለች፤
ከቦርሳዋ የተቀቀለ እንቁላል እያወጣች
«ባዶ ሆድ ላይ ሳንባ አይነፋም» ትላለች።

ፀጉር ቆራጩ ካሶንጎ ክፍልፋይን በመላጫ ያስረዳል፤
«ከጎን አንድ ተኩል፣ ከላይ ሦስት፤ ስንት እጥፍ ይሄዳል?»
የመለሰ በነፃ ይቆረጣል፤ ያልመለሰም ምንም አይጎዳል፣
ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ይቀመጣል፤ መልሱ ሲገባው ሌላው ይወርዳል።

ጆማር አስም አለበት።
ደረቱ ሲያፏጭ፣ በረዶ ላይ የሚጎተት በር ነበር።
ሲስተር መተንፈሻውን ሰጠችው፦ «ያዝ። ቁጠር። ቀስ ብለህ ልቀቅ።»
ዶሎረስ ትሮምቦኑን ሰጠችው፦ «ያዝ። ቁጠር። ቀስ ብለህ ልቀቅ።»
ሁለቱ ሴቶች አልተማከሩም።

ባለፈው ሳምንት ከማዘጋጃ ቤት ፎርም መጣ።
«ያንቺን ጽሕፈት ሰው ያነበዋል» ብላ ዶሎረስ ለእኔ ሰጠችኝ።
በእርሳስ ጀመርኩ። ስም። አድራሻ።
የማሞቂያው ዕድሜ (በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል)።
አራተኛው ጥያቄ ላይ እጄ ቆመ፦
የሚሰጡት አገልግሎት፤ አንድ ሳጥን ብቻ ምልክት ያድርጉ፦
ኪነ ጥበብ። ትምህርት። ጤና።

አንድ ብቻ?
ጆማርን የቱ ሳጥን ውስጥ ልክተተው?
ሳንባውን ለጤና፣ ከንፈሩን ለኪነ ጥበብ፣
የሚቆጥርበትን ጣቱን ለትምህርት ልስጠው?
ልጅ የበዓል ቅርጫ አይደል፣ በመደብ በመደብ አይከፈል፤
ጉበቱ ለአንዱ ቢሮ፣ ምላሱ ለሌላው አይታደል!

ካሶንጎ ሳቀ፦ «ግማሹን ላጭተሽ ላኪላቸው።»
ሲስተር የኔወርቅ «ጤና በይው፤ ለጤና ገንዘብ አያጡም» አለችና አፈረች፤
ዶሎረስ ዝም ብላ የትሮምቦኑን ምራቅ ወለሉ ላይ አራገፈች።
ከዚያ፦ «አውቶቡስ ስነዳ
ተሳፋሪን ‹ወዴት ነህ?› ብዬ ጠይቄ አላውቅም።
ሆስፒታሉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ቲያትር ቤቱም
ያው መስመር ላይ ናቸው።
እኔ የምለው አንድ ነገር ነበር፦ ቶሎ ግባ፣ በሩ ሲከፈት ብርድ ይገባል።»

እኔም እርሳሱን ትቼ እስክሪብቶ አነሳሁ፤
ከኪነ ጥበብ ጀምሬ፣ ትምህርትን አቋርጬ፣ ጤና ላይ የሚያርፍ
አንድ መስመር አሰመርኩ። ትንሽ ጠሟል።
ጫፉ ላይ ጎማ ሳልኩለት።

መልስ እስካሁን አልመጣም።
ማሞቂያው ግን ማክሰኞ ሞተ።
ካፖርታችንን ሳናወልቅ ተቀመጥን፤
የትሮምቦኑ አፍ ከንፈር ላይ ይጣበቅ ጀመር።
ሲስተር የኔወርቅ አፎቹን ነቅላ ሰበሰበች፤
ብብቷ ውስጥ ሁለት ሁለት እያደረገች፣
እንደ እንቁላል አሙቃ መለሰችልን።

ጆማር ቀድሞ ነፋ።
የመጀመሪያውን ድምፅ ሳተው።
ማንም አላስቆመውም።