ሰኞ ዝግ ነው

ያንድ ቀራፂ ሙዚየም፣ ያንድ ቀራፂ መንደር፤
ከቬኒስ ሽቅብ ሁለት ሰዓት፣ በወይን ተክል ዳር።
«ሰኞ ዝግ ነው» ይላል በሩ ላይ ጽሑፉ፤
አውቶቡሱም ሄዷል፣ ጭቃ ሆኗል ትርፉ።
እስከ አሥር ሰዓት ሌላ የለም አሉኝ፤
የኅዳር ዝናብና የጣራ አሸንዳ ተባብረው ቀጡኝ።

በሩ ሲጥ አለ።
ብሩሽ የያዘች ሴት ብቅ አለች ደፉ ላይ፣
ቅንድቧ ነጥቶ፣ ወፍጮ ቤት የዋለች መሳይ።
«ግባ» አለች ዶሪና፣ «እጅህን ግን ሰብስብ፤
ማስጠለሌ ነው እንጂ ጉብኝት ነው ብለህ እንዳታስብ።»

ገባሁ። አዳራሹ ሞልቷል፣ ነጭ በነጭ ሰው፤
አንዱ ቀስት ስቦ፣ አንዷ ፎጣ ጥላ፣ አንዱ ሞት ጀምሮ ያልጨረሰው።
አፍንጫቸው አንድ፣ ከንፈራቸው አንድ፣
ለሠርግ እንደ ተጠራ፣ ምግቡ እንደ ዘገየበት ዘመድ።

አንዷ ጉንጭ ላይ ጥቋቁር ነጥብ አየሁ፤
ፈንጣጣ መሰለኝ፣ ተጠጋሁ።
ምስማር ነው።
ሺህ ትንንሽ ምስማር፣ ሰናፍጭ የሚያህሉ፣
ከተረከዝ እስከ ግንባር ቆዳዋን የሞሉ።
«መለኪያ ነው» አለች፤ «ከዚህ እስከዚያ ስንት ጣት፣ ስንት ስንዝር፣
ከጀሶው ወደ ድንጋዩ የሚያሻግሩት በቁጥር።
ጌታው በጭቃ ያስባል፣ ጀሶው ይፈስሳል፣
እብነ በረዱን ግን ሌላ ሰው ይወቅራል።»
እንግዲህ የማየው ሰሙን ነው፤ ወርቁ ድሮ ተሸጧል፣
የሩቅ መስፍን ደረጃ ሥር ቆሞ፣ ኮት ይሰቀልበት ይሆናል።

ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።
«ኦሊንዶ ነው» አለች፤ «ሰኞ ሰኞ ይመጣል፤
ዓይኑ ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመቱ፣ መንገዱን እግሩ ያውቃል።»
ሽማግሌው ካፖርቱን አራገፈ፣ እጁን በሞቀ ውኃ ታጠበ፣
ጣቶቹን አንድ ባንድ አድርቆ፣ ለቅዳሴ እንደሚገባ ቄስ ቀስ ብሎ ቀረበ።
እጅህን ሰብስብ ያለችኝ ሴት ዝም አለች፤
መሰላል አቅርባ ክንዱን ደገፈች።

የአደኗ እመቤት። ጣቱ ፀጉሯን አለፈ፣
ምስማር በምስማር፣ እንደ መቁጠሪያ፣ ከግራ ጆሮዋ ኋላ አረፈ።
«ሰባት ምስማር» አለ፣ «ላንድ ጆሮ።
የአያቴ አባት ነው ድንጋዩ ላይ ያወጣው፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ በቀጭኑ መሮ።
ጌታው በመጨረሻው ሌሊት በሻማ መጥቶ አሻሻት፣
ስሙን ጻፈባት።
እኛ ቤት ግን በወይን ማታ፣ ሲሞቅ ጨዋታ፣
‹ጆሮዋ የኛ ነው፤ ቀሪው ይሁን የጌታ።›»

«እብነ በረዷንስ አይተሃት ታውቃለህ?»
ዝናቡ የጣራውን መስታወት ሲመታ ቆየ።
«አንድ ጊዜ። ዓይኔ ሳለ፣ በሠላሳ ዓመቴ።
ሁለት ቀን በባቡር፣ አዲስ ጫማ ገዝቼ።
በግራ ጎኗ ግድግዳ አስጠግተዋታል።
አንገቴን አስግጌ፣ ተንበርክኬ፣ ዘበኛው እስኪቆጣኝ፤
ጆሮዋን ሳላይ መጣሁ።»
ሳቀ። «አሁን ይሻላል።»

ከዚያ ክንዴን ፈልጎ ያዘ፣ ጣቴን ወሰደ፣
«ቁጠር» አለኝ።
ዶሪና ጀርባዋን ሰጥታን የአንዱን ጀግና ብብት ትጠርግ ጀመር።
ጀሶ እንደ ድንጋይ አይቀዘቅዝም፤ እንደ ከረመ ዳቦ ነው።
ቆጠርኩ፤ ስድስት።
ደግሜ ቆጠርኩ።
«ሰባት አይደል?»
«ሰባት» አልኩት።

ስትሸኘኝ በሹክሹክታ፣ «በበጋ ወደቀች» አለች፣
«ክብሪት ሳጥን ውስጥ አለች፤
መልሼ እንዳልተክላት ከከተማ ደብዳቤ ይጠበቃል።»
አሸንዳው አሁንም ይፈስሳል።
አውቶቡሱ ውስጥ ትኬቴን ልሰጥ እጄን ስዘረጋ
ነጂው ጣቴን አይቶ፣ «ሙዚየሙ ሰኞም ይከፈታል እንዴ?» አለ።