አስር ሳንቲም

አዌቱ ድልድይ ማዶ፣ ከዛገው ቆርቆሮ ሥር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ቶርኖ ሳሽከረክር፣
ጆሮዬ ብረት ለምዶ ሰው መስማት ሲቸግር፣
ሦስት ባለቤት አየሁ፣ በአንድ ደጅ፣ በአንድ በር።

ፊተኛው አባ ዲኮ፣ አላህ ይርሐማቸው፣
የእሸት መፈልፈያ ማበጀት ሥራቸው፤
ፍሬው እንዳይነከስ ሳህኑን ሲያጠጉ፣
"ውሃ አምጣ" ይሉኛል፣ ሊያርቁኝ ሲፈልጉ።
ባልዲ ሞልቼ ስመጣ፣ ሥራው አብቅቷል፣
ብሎኑ ጠብቋል፣ ልጃቸው ይሥቃል።
ሙያ ለልጅ ነው፣ እንደ ስም፣ እንደ ርስት።
እኔማ የሰው ልጅ ነኝ፤
የሌላ ሰው፣ ማለት።

ዐይናቸው ሲደክም ግን፣ ልጁም ከተማ ወርዶ
መኪና ሊገዛ፣
"ተማም፣ እስቲ ና" አሉኝ። ከኪሳቸው አወጡ
አንዲት አስር ሳንቲም፣ በላብ የወዛች።
በሳህኑና በደረት ብረቱ መሃል ሰደዷት፣
ሳትላላ፣ ሳትጣበቅ አለፈች።
"ይቺን ካሳለፈ በቃው" አሉኝ።
ያ ሁሉ ባልዲ ውሃ
ለዚች ኖሯል።

ልጁ ወርሶ ሸጠው። አልፈርድበትም፣ ብረት አይወድም ነበር።
አክሲዮን ማኅበር ገዛው፣ ገሚሱ ገንዘብ ከባሕር ማዶ።
ሐሰት አልናገርም፣ ብዙ ተማርን፦
ማይክሮሜትር ማንበብ፣ ሥዕል በኮምፒውተር፣
ደመወዝ በባንክ፣ የሥራ ጫማ ሳይቀር።
የሳንቲሟም ነገር በቁጥር ተጽፎ፣
ፋይል ውስጥ ገባ፣ በማኅተም ታቅፎ።
እኛም ፈረምን፦ "ያየሁትን፣ የሰማሁትን
ለሦስተኛ ወገን..."
ሦስተኛው ማነው? ብዬ ጠየቅሁ።
"ከእኛ ሌላ ሁሉ" አሉ።
ጅማ እንግዲህ፣ በሙሉ።

ዛሕራ መጣች ከማና፣ የገበሬዎች ማኅበር መካኒክ፣
በፌስታል የተነከሰ ፍሬ ይዛ።
"የአራት መቶ ሰባት ሰው ማሽን ነው" አለችኝ፣
"አራት መቶ ሰባት ሰው ነው የሚቆጣኝ።"
ፊርማዬ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።
ዝም አልኩ።
ልትሄድ ስትነሳ፣ "መልስሽን" አልኳት፣
አንዳች ሳትገዛ፤
ሳንቲሟን መዳፏ ላይ አኖርኩና
ሳህኑን አየሁ፣ ሳህኑን ብቻ።
ውሉ ስለ መልስ የሚለው የለም።

በጥቅምት ተመለሰች። በር ላይ ቆማ፣
ዘበኛው እየሰማ፣ ጮክ ብላ፦
"ጎማ ጠጋኙ ሙዘይን ከደረቱ ጀርባ
ከመነዳሪ አነጠፈበት!
ጠጠር ሲገባ ፈቀቅ ይላል እንጂ አይሰበርም።
አንተም ሞክረው።"
መሐንዲሶቻችን ይህንኑ ሲፈልጉ
ሁለት ዓመታቸው።

እንቅልፍ የለኝም አሁን።
ብናገር፣ በነጋታው ፋይል ነው፤
ሙዘይን በገዛ ከመነዳሪው
ሦስተኛ ወገን ሊባል።
ባልናገር፣ ወጪት ሰባሪ ነኝ።
ሳንቲሟን መልሳልኛለች፣ ኪሴ ውስጥ ናት።
በጣቴ ስዳብሳት፣ ስንቱ ብረት ፍቋት
አንበሳው አፉ ጠፍቷል።