ጠባሳ

ጠባሴ ላይ፣ ካስፋልቱ ዳር፣ አንድ ጠባብ ፎቶ ቤት አለኝ፤
ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ነው ያበላኝ።

እሱ የመጣ ለት ውርጭ ነበር፣ የኅዳር ማለዳ፣
ቧንቧው ደርቆ፣ ባጃጅ ሁሉ አልነሣ ብሎ ከሜዳ።
ስስ ሸሚዝ ለብሶ ገባ። "አይበርድህም?" ስለው ሣቀ፤
እጁ ግን፣ አየሁት፣ ከብብቱ ሥር ተደበቀ።

ኢዮስያስ ነው ስሙ፤ ቢያንስ ለኛ የነገረን።
ሳንቲሙንም በወንዛችን፣ "በሬሳ" ብሎ ጠራልን፦
የማይታይ፣ የማይዳሰስ፣ ስልክ ውስጥ የሚያድር ገንዘብ፤
"ዛሬ በመቶ የገባ፣ ለፋሲካ በሺህ ያስብ።"

አዳራሹ ሞላ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረተኞች፣
አስተማሪዎች፣ ከሰላድንጋይ የወረዱ በግ ነጋዴዎች፤
መቶ አርባ ወንበር ቆጥሬያለሁ፣ ፎቶ ሳነሣ።
ጋሽ ሸዋንግዛው ከኋላ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣ፦
"ዕቁብ ስንገባ ዋስ እንጠራለን። የዚህስ ዋሱ ማነው?"
"ኮዱ ነው፣ አባቴ።"
                "እሺ። ኮዱ የማን ልጅ ነው?"

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። እኔም ሣቅሁ፣ ካሜራው እስኪናወጥ።
ያ ፎቶ አሁንም አለኝ፦ መቶ አርባ ሰው ጥርሱን ያሳያል፤
አንድ ሽማግሌ፣ ከኋላ፣ መልስ እየጠበቀ ቆሟል።

ወሰንየለህ ባጃጁን ሸጠ። በለጥሻቸው በጎቿን፣
"ለልጄ ሠርግ" ስትል ያቆየቻቸውን፣ ሰባቱንም።
እኔ የማተሚያ ሒሳቤን፣ ሁለት ሺህ ወረቀት በቀለም፣
በበሬሳ ተቀበልሁ፤ "ብርማ" አልሁ "ነገ የለም።"

ቁጥሩ ያድግ ነበር። ሌሊት ተነሥተን እናየው ነበር፣ እንደ አራስ ልጅ፤
ባለቤቴ "ተኛ" ትለኛለች፤ ብርሃኑ ፊቴ ላይ፣ ስልኩ በእጅ።

በጥር መጨረሻ፣ ማክሰኞ፣ አጭር መልእክት ገባ፦
"ገንዘብ ማውጣት ለጊዜው ቆሟል፤ ጥገና ላይ ነን።"
ረቡዕ ቢሮው ተዘጋ። ሐሙስ ስልኩ አልጠራም።
ዓርብ ገበያው ሁሉ ሰማ፦ ብራችን ብር ብሎ በሯል፤
በመተማ ነው፣ በሞያሌ ነው፤ ሁሉም "ያየ ሰው አለ" ይላል።

በሩ ሲሰበር የተገኘው ማሞቂያ ብቻ ነው፣
ሦስት፣ ጎን ለጎን።
ለካ ይበርደው ነበር።

ሬሳ ቢሆን ዕድር አለን፤ ድንኳን ተክለን እናለቅሳለን፤
በበሬሳ ግን፣ የሞተውን ሳናይ፣ ምኑን እንቀብራለን?
ቁጥሩማ ዛሬም ያድጋል። ትናንት፣ በስልኬ፣ ባለ አራት መቶ ሺህ ሆኛለሁ፤
ማታ ከሱቅ ግማሽ ሊትር ዘይት በዱቤ ወስጃለሁ።

ዛሬ ጧት መርማሪ መጣ። "ፎቶው አንተ ጋ አለ አሉ።"
አለ። ከኮምፒውተሩ አወጣሁት፣ ፈገግ እንዳለ።
ክራቫቱም የኔ ነው፣ ለደንበኛ የማውሰው።
"ልዩ ምልክት አለው?" አለኝ።
                        ነበረው።

ከግራ ቅንድቡ በላይ፣ የጣት ርዝመት፣ ቆዳውን የሳበ፤
"ይታያል እንዴ?" ብሎኝ ነበር ያን ለት፣ በር በሩን እያየ።
አዘንሁለት። ከጉንጩ ቆዳ ቆርጬ፣ በማውሱ፣ በዝግታ፣
ላዩ ላይ ለጠፍሁበት፤ ጠርዙን አለሰለስሁ፣ እስኪጠፋ ድረስ ፍንጩ፤
እናቱ እንኳ እንደዚያ አድርጋ አላበሰችውም ፊቱን።
የዚያንም አላስከፈልሁትም።

መርማሪው ይጠብቃል። ቅጹ ላይ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤
በስክሪኑ ላይ ያለው ግንባር እንደ ዕንቁላል ጥርት ያለ።
"ጠባሳ ብለህ ጻፍ" አልሁት።
"የት ላይ?" አለኝ።
"ጠባሴ ላይ።"