ጥያቄ ሰባት

ሐዋሳ፣ ከሪፈራሉ ጓሮ፣ ከፊዚዮቴራፒው ክፍል፣
እግሩ ካጠረው ጠረጴዛ፣ ካርቶን በደገፈው በኩል፣
ሃያ አንድ ጥያቄ ይዤ ተቀምጫለሁ።
ሁለት ሰው ወደ አማርኛ ያመጣው፣
ሁለት ሰው ወደመጣበት የመለሰው፣
ኮሚቴ በለስላሳና በብስኩት ያጸደቀው።
የኔ ሥራ ቀላል ነው ተብሏል፦
ማንበብ፣ «ምን ገባዎት?» ማለት፣
የገባቸውን መክተብ።
የታመመ ማሸት አይደለም የዛሬው፤
ጥያቄውን መዳሰስ ነው፣
እሱ ራሱ የቱ ጋ እንደሚያመው።

መጀመሪያ አየለች ሳና ገባች፣
ከኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ከሌሊት ፈረቃ፣
ጸጉሯ ላይ ሰማያዊ ብጣሽ ክር ተጣብቆ።
ስጠራት አንገቷ አልዞረም፤
ከነትከሻዋ ዞረች፣ እንደ ቁም ሣጥን።
«ህመምሽን ከዜሮ እስከ አስር ስንት ትሰጪዋለሽ?»
«አስር ከአስር!» አለች። «ደፈንኩ!
ተማሪ ሆኜ አንድ ቀን ደፍኜ አላውቅም።»
መሳቅ ጀምራ ትከሻዋ ከለከላት።
ከዚያ ቆም ብላ አሰበችና፣
«ቆይ፣ ዛሬ አስሩን ከሰጠሁ
ለሚመጣው ወር ምን እሰጠዋለሁ?
ስምንት በይው። ሁለቱን ላስቀምጥ።»

(ጥያቄ አራት፦ «ምንጣፍ በማሽን ሲያጸዱ ያምዎታል?»
ለአራት በተከራዩት ክፍል
ምንጣፍ የሚነጠፍበት ወለል የለም፤
ፍራሽ ከፍራሽ ይነካካል።
ይሰረዝ፣ ብያለሁ።)

ዱካሌ ሃሜሶ ከአሞራ ገደል መጣ፣
ሠላሳ ዓመት መረብ የጎተተ ወገብ ይዞ፤
እጁን ከመስጠቱ በፊት
ስለ አምባዛው ሽታ ይቅርታ ጠየቀ።
ጥያቄ ሰባትን በወረቀቱ ድምፅ አነበብኩለት፦
«ባለፈው ሳምንት ህመምዎን
ምን ያህል መቆጣጠር ችለዋል?»
ዝም አለ።
በመስኮቱ ማዶ፣ ቆሻሻ ገንዳው ላይ፣
አባ ኮዳ ክንፉን አራግፎ መልሶ ሰበሰበ።
«አንቺ ልጅ፣ እኔ መቼ ያዝኩት?
እሱ አይደል የያዘኝ?
ወገቤን ያዘኝ ነው የሚባል፤
ወገቤን ያዝኩት ያለ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

አልሰማሁም።
ህመም «አለኝ» አይባልም፣
«አለብኝ» ነው፣ እንደ ዕዳ።
ቆረጠመኝ፣ ወጋኝ፣
ጠዘጠዘኝ፣ ለበለበኝ፣ ነዘረኝ፤
በሁሉም ግሥ ባለቤቱ እሱ ነው፣
እኛ ተሳቢዎቹ፣
ከቃሉ ጭራ የተንጠለጠልን
አንዲት «ኝ»።

ከዚያ ዱካሌ በሲዳምኛ አንድ ቃል አለ፤
በሁለት እጁም አሳየኝ፣
ውኃ የጠጣ መረብ ሲወጣ እንደሚከብደው።
«አማርኛውስ?» አልኩት።
«እሱን አንቺ ነሽ የምታውቂው።»
እንደሰማሁት በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት።
ኮምፒውተሩ ኅዳግ አያነብም።

አሥራ ሁለተኛውን ድምፄን ዝቅ አድርጌ፦
«ህመሙ ከባለቤትዎ ጋር ያለዎትን ግንኙነት...?»
«ሰላም ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን!
ተጣልተን አናውቅም።»
ጥያቄው ሲያፍር መልሱም ጨዋ ሆኖ ያልፋል።
ሰላም ናቸው፣ ብዬ ጻፍኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ያው ጥያቄ ይደገማል፤
መልሱ ካልተዛነፈ ቅጹ ታማኝ ይባላል።
ዱካሌ መጣ። ሰባት ያለው አራት ሆኗል።
«ምን አገኙ? መድኃኒት?»
«ሐይቁ ተዘግቶ ከረመ፣
ዓሣው እንዲራባ። አልጎተትኩም።»
እንግዲህ የተዛነፈው ቅጹ ነው፣
ወይስ ሰውየው ትንሽ አረፈ?

ለኮሚቴው በምልከው ሪፖርት፣
ከጥያቄ ሰባት አንጻር፣
«የማሻሻያ ሐሳብ» ከሚለው ሣጥን
«ህመሙ ስንት ሰዓት ለቀቀዎት?» ብዬ አስገባሁ።
ይጥሉት ይሆናል።

አየለች አልመጣችም።
ሦስቴ ደወልኩ።
«የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልተቻለም»
የምትለዋ ሴት አነሳችው፤
ድምጿ የትም ቦታ አያማትም።
ዘጠና ዘጠኝ ብዬ ሞላሁ፣
ላልተገኘ ሰው የተሰጠ ቁጥር ነው።
ያስቀመጠቻቸውን ሁለቱን
ለየትኛው ሌሊት እንዳወጣቻቸው
የሚጠይቅ መስመር ፈለግሁ፣
ገጹን ገልብጬ፣ ጀርባውንም አይቼ።